ታኮ በሸዋ ሮቢት፣ ከነፈረሰኛዋ

ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ እጄ ላይ የተቀመጠው ነገር ዶሮ ነው። ሆቴሉ ሸዋ ሮቢት ከዋናው መንገድ ዳር ነበር፤ ወጥ ቤቱ ከጓሮ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፉ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙት እኛ ዘንድ ነው። ተሳፋሪው የጣርማ በርን ብርድ ፈርቶ የደራረበውን ልብስ እኛ ደጅ ሲደርስ እያወለቀ ይገባል።

ዋናዋ ወጥ ሠሪ እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን መናኸሪያ ድረስ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ተነጭቶ የታጠበ ዶሮ በዝርግ ሳህን አቀረቡልኝና፣ «ብልት ማውጣት ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እንዴታ» አልኩ። የቀወት ገበሬ ልጅ ሆኜ አልችልም ብል እናቴ ትታማለች።

አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥቼ ደረደርኩ። እያንዳንዱን እያገላበጡ አዩ። ታፋውን አለፉት፣ ክንፉን አለፉት፣ ፈረሰኛዋን ሲያነሡ ግን ቆሙ።

«ይቺ የማን ናት?»

እኛ ቤት ፈረሰኛ የአባቴ ነበረች። ሌላ ሰው ሲበላት አይቼ አላውቅም። «የአባወራው» አልኩ።

«እዚህ ቤት አባወራው ማነው?»

በበሩ ወደ ባለሆቴሉ አየሁ።

«ሹፌሩ ነው፣ ልጄ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው የት ምሳ እንደሚበላ የሚወስነው እሱ ነው። ፈረሰኛውን ያጣ ቀን አጣዬ ወርዶ ይበላል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተከትሎት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈረሰኛን ለብቻዋ አስቀምጣለሁ። ከጊዜ በኋላ ማሰቡም ቀረ፤ እጄ ራሷ ወደ ጎን ታደርጋታለች።

ከዕቃ አጣቢነት ወደ ሽንኩርት ከታፊነት አደግሁ። ሽንኩርት ከታፊነት ደግሞ ማዕረግ ነው ወይ የሚል ካለ ለአንድ ድስት ዶሮ ወጥ የሚሆን ሽንኩርት ከትፎ ይምጣና እናወራለን። ከዚያ ረዳት ሆንኩ። እትዬ ዘነበች ጉልበታቸው ሲደክም ማማሰያውን ለእኔ ሰጥተው አረፉ። የሮቢት ሙቀት የታወቀ ነው፤ ምድጃው ሲጨመርበት ሽንኩርቱና እኔ እኩል ነበር የምንቁላላው። ቢሆንም ወድጄው ነው የሠራሁት።

አንድ ጊዜ መንገድ የሚሠሩ መሐንዲሶች ሆቴላችን አረፉ። አንደኛው ከሜክሲኮ የመጣ ሰው ነበር። ወጣችንን ሰንብቶ ሰንብቶ በትሕትና ሲበላ ቆየና አንድ ከሰዓት የሚያስተረጉምለትን የመኪናውን ሹፌር አስከትሎ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ዛሬ እኔ ልሥራ ይላል» አለኝ ሹፌሩ።

እንግዳ ወጥ ቤት አይገባም። ወንድ ከሆነማ ጭራሽ። ፊቱን ሳየው ግን የእናቱ ምግብ የናፈቀው ሰው ነው፤ አሳዘነኝና ቢላዋውን ሰጠሁት።

የዶሮውን ታፋ ከአጥንቱ ለየና በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙን፣ በትንሽ በርበሬ፣ በጨውና በዘይት አሸው። ሥጋው ቅመሙን እስኪስብ የበቆሎ ዱቄት በለብ ያለ ውኃ አቦካ። ከሊጡ ሎሚ የምታህል ቁራጭ ድቡልቡል ያደርግና በሁለት ንጹሕ ፌስታል መሀል አስቀምጦ በድስት ቂጥ ይጫናታል። ከሻይ ሳህን የማትበልጥ ስስ ቂጣ ትወጣለች። የእኛ ዱቄት ግን ይፈረካከስበት ጀመር። ትንሽ የስንዴ ዱቄት ጣል አደረግሁለት፤ ሊጡ ያዘ። አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ቂጣዎቹን ዘይት ሳይነካቸው በጋለ መጥበሻ አገላብጦ በጨርቅ ጠቀለላቸው። ከዚያ ሥጋውን በዚያው መጥበሻ ላይ ዘረጋና ቶሎ ቶሎ ሳያማስል ጫፍ ጫፉ ቡናማ እስኪሆን ጠበቀ። አውጥቶ በቢላዋ አደቀቀው። ሁለት ሁለት ቂጣ ደርቦ ሥጋውን ከላይ፣ ጥሬ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል፣ ቃሪያ፣ መጨረሻ ላይ የሎሚ ጭማቂ። ታኮ ይባላል አለኝ፤ በአገሩ መንገድ ዳር ቆመው የሚበሉት ነው።

ዶሮ ወጥ ግማሽ ቀን ይወስድብኛል። ይሄ ሩዝ እስኪበስል አለቀ። የቀመስኩት አንዱን ነው ብል ውሸት ነው። ሰውየው ከሄደም በኋላ ለልጆቼ ቤት ውስጥ ስሠራላቸው ኖርኩ።

ኋላ ሆቴሉ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ወጥ ቤቱን ዘግቶ አልጋ ብቻ አደረገው። እኔ ከምድጃ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም፤ እጄን አጣጥፌ መዋል ደግሞ ያሳምመኛል። የራሴን ምግብ ቤት ልክፈት ብል የመንገድ ዳር ክፍል ኪራይ አይቀመስም።

አንድ ተስፋ ነበረኝ። የምንኖረው በባለቤቴ አባት በጋሼ ተሰማ ግቢ ነው። ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ በሯ የሚከፈት አንዲት ክፍል አለቻቸው፤ የመስኖ ሽንኩርታቸውን ያከማቹባታል። ድፍረቴን አሰባስቤ ገባሁ።

«አባባ፣ ያችን ክፍል ቢለቁልኝ ምግብ እሸጥባት ነበር።»

«ምን ምግብ?»

«ዶሮ ነው። ተከትፎ በትንንሽ ቂጣ የሚበላ።»

«ዶሮ ክትፎ» አሉ ጢማቸውን እያሻሹ። «ይኼው ነበር የቀረን።»

«ቢቀምሱት ይወዱታል።»

«እንግዲያው እሑድ ሥሪው። ዶሮ ዶሮ ካለኝ ክፍሏ ያንቺ ናት። ካላለኝ ሽንኩርቴ ከተቀመጠበት አይነቃነቅም።» ጋሼ ተሰማ አንዴ ከተናገሩ አይመለሱም፤ በዚያ ልጃቸውም አገሩም ይመሰክራል።

እሑድ የገዛ ቀይ አውራ ዶሯቸውን ራሳቸው አርደው ሰጡኝ። ዕድሜ የጠገበ የሀበሻ አውራ ዶሮ በቀጥታ መጥበሻ ላይ ከጣሉት ጎማ ነው። የፈረንጅ ዶሮ ቢሆን እንደ መሐንዲሱ ጠብሼ እገላገል ነበር። ይኼኛውን በብልቱ አወጣሁና በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት እስኪለሰልስ ቀቀልኩት። ከዚያ ከአጥንቱ እየለየሁ ዘለዘልኩት፤ በሎሚና በቅመሙ አሽቼ በጋለ መጥበሻ ጫፉን አደረቅሁት።

ቂጣውን በጨርቅ፣ ሥጋውን በሳህን፣ ሽንኩርቱን፣ ድንብላሉን፣ ቃሪያውንና ሎሚውን በየጎድጓዳው አድርጌ አቀረብኩ። ለጋሼ ተሰማ የመጀመሪያውን እኔው ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፤ ግን አልጎረሱም። ቂጣዋን ገለጥ አድርገው ሥጋውን በጣታቸው በተን በተን አደረጉት።

«ፈረሰኛዬስ?» አሉ።

ባለቤቴ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ልጆቹ ማኘክ አቆሙ።

ነገሩ የሆድ ጉዳይ አልነበረም፤ አውቃለሁ። ለእኚህ ሰው አባወራ ከሆኑ ጀምሮ በዚህ ቤት ዶሮ በታረደ ቁጥር ፈረሰኛ ቀርባላቸዋለች። በልጅነታቸው ለአባታቸው ስትቀርብ እያዩ ነው ያደጉት። ዛሬ የገዛ አውራ ዶሯቸው ታርዶ የእሳቸው ድርሻ የትኛው እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ክፍሏ ስትሄድ ታየኝ። ሽንኩርቱ ሲሸተኝ ሁሉ ነበር።

«አብራ ተከትፋለች» ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ከምድጃው ጎን፣ በትንሽ ሳህን ላይ ክዳን ተደፍቶባት፣ ፈረሰኛዋ ቁጭ ብላለች። ሥጋውን ስዘለዝል እጄ እንደ ልማዷ ለሹፌሩ አስቀምጣታለች። እትዬ ዘነበችን ምንኛ እንዳመሰገንኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ፈረሰኛዋን በቅመሙ አሸሁ፣ በመጥበሻው ሁለቱንም ገጿን አቀላሁ፣ ሳልቆራርጥ በሁለት ቂጣ ላይ አጋድሜ ሽንኩርትና ሎሚ ጨመርኩባት።

«እንዲህ በይኛ» አሉ ጋሼ ተሰማ ሲያዩዋት።

አጥንቷን እስኪያበራ ጋጧት። ቂጣውንም ጨረሱ። ጣታቸውን ላሱና ሳህኑን ተመለከቱ። «እስቲ ያንን ክትፎሽን ደግሞ ወዲህ በይው።»

ታኮ ሲበላ አንገት ዘንበል ማለት አለበት፤ ቀጥ ካሉ ይፈሳል። ጋሼ ተሰማ ደግሞ ለማንም ዘንበል ብለው አያውቁም። የሎሚው ጭማቂ በክርናቸው ወርዶ ነጭ ጋቢያቸው ላይ አረፈ። ልጆቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። እሳቸውም ሳቁና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቀጠሉ፤ አንዱን ሲጨርሱ ሌላውን እየጠቀለሉ የሳህኑ ታች እስኪታይ በሉ።

በመጨረሻ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «አንተ፣ ነገ በጠዋት ሽንኩርቱን ወደ ጓሮ አውጣልኝ» አሉት።

ደስታዬን የት ላድርገው። ሳህን ላነሣ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ዘግቼ ብቻዬን እስክስታ መታሁ።

አሁን ክፍሏ ውስጥ ሁለት ምድጃ አለ። አንዱ የእኔ ነው፤ ሌላው የጎረቤቴ የከድጃ። የእሷን ዶሮ ባሏ በቢስሚላህ ያርደዋል፤ መጥበሻዋና ቢላዋዋ ለብቻ ናቸው። ቂጣው፣ ሽንኩርቱ፣ ሎሚውና ሐሜቱ የጋራችን ነው። የእኔ ጾም ሲገባ እኔ ባቄላና አቮካዶ እጠቀልላለሁ፤ በረመዳን ደግሞ የማፍጠሪያው ሰዓት ሲቃረብ ሁለታችንም መቆሚያ የለንም።

ጋሼ ተሰማ ዶሮ በታረደ ቀን በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ፈረሰኛቸውን በቂጣ አድርጌ አቀርብላቸዋለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ፍጥነት ቀንሰው ያይዋቸዋል።

«አባባ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ፈረሰኛ።»

«ለእኛስ?»

«ለናንተ ክትፎው አለ። ውረዱ።»

ይወርዳሉ፤ ተሳፋሪውም አብሯቸው ይወርዳል።

ይህን ሥራ ለሚጀምሩ የምላቸው አንድ ነገር ነው። ለሰው አዲስ ምግብ ስታቀርቡ የቆየ ድርሻውን አትንኩበት። ድርሻውን ካገኘ አዲሱን ራሱ ይጠይቃችኋል።