ዳባና የውሃው ጋዝ

ዳባ አሰላ ገበያ ዳር ባለች ጠባብ ቤት ኩራዝ የሚሠራ ሰው ነበር። በ1970 ላምባ ከቀበሌው ሱቅ ሲጠፋ ኩራዙን የሚገዛው አጣ። ኬሚስትሪ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጥቶ «መምህር፣ ላምባን የሚተካ ነገር የለም?» አለኝ። እኔም አዋቂ ልባል ብዬ፣ ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅን የሚባል የሚነድ ጋዝ እንዳለ፣ እንፋሎት በጋለ ብረት ላይ ሲያልፍ ጋዙ ተለይቶ እንደሚወጣ ለፈለፍኩለት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ብረቱን ለማጋል የሚፈጀው ከሰል አያዋጣም ብዬው ነበር። «ፀሐይ አለች አይደል?» አለኝ። ቆርቆሮ ቀጥቅጦ አጎደጎደና ውስጡን ስባሪ መስታወት ለጠፈበት። የጥርን ፀሐይ ሰብስቦ የብረት ብናኝ በሞላው ቱቦ ላይ ሲያሳርፋት ቱቦው ፍም መሰለ። እንፋሎት አሳልፎበት በጠርሙስ ያጠራቀመውን ጋዝ ክብሪት ሲያስነካው «ጧ!» አለ። በደስታ አቅፎ ሊሰብረኝ ነበር።

ድምፁን ግን ጎረቤት ሰማ። በሳምንቱ ቀበሌው ፀረ አብዮተኞችን ለማጋለጥ ስብሰባ ጠራን። ሚስቱ ወርቅቱ «ሻይ ማፍያ ነው በል» ብላ ለመነችው፤ እኔም ለመንኩት። እሱ ግን ጴንጤ ነው፣ ያውም የለየለት። ከመዋሸት መሞት የሚቀለው ሰው ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ካድሬው «ቤትህ የሚፈነዳ ነገር አለ?» አለው።

ዳባ ተነሥቶ ቆመ። «አለ። ጥቂት ነው። ከውሃ፣ በፀሐይ ነው የማወጣው።»

ሰዉ ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። «ማን አስተማረህ?»

«እሱን አልናገርም።»

ዓይኑ ወደ እኔ እንኳ አልዞረም። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ስሜን እንዳይጠራ እጸልይ ነበር፤ ጸሎት ከተውኩ ከስንት ዓመት በኋላ። እዚያው አስረው ወሰዱት።

በማግሥቱ ወርቅቱ የዳባን ስንቅ እንደያዘች ቤቴ መጣች። «ማሎ መምህር፣ እርስዎን ያምናሉ። ትምህርት መሆኑን ይንገሯቸው።»

«እሺ፣ ነገ» አልኳት። በነጋው ክፍል ገባሁ። ከዚያም በኋላ ክፍል ገባሁ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

በአራተኛው ቀን ስንቁን አንቀበልም ብለው መለሷት። ያን ጊዜ ይህ እስረኛው ተገድሏል ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ከእስር ቤቱ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች፤ አላለቀሰችም።

«ነግረዋቸው ነበር?» አለችኝ።

«ነገርኳቸው። እምቢ አሉኝ» አልኳት።

የስንቁን ሳህን መሬት አስቀምጣ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጄን ሳመችኝ።