የጎሚስታዋ ጥጥ

ባቡሩ አቃቂን እያቋረጠ ድሬዳዋ በሚመላለስበት ዘመን ነው። ገብረጻድቅ የሚባለው ጎሚስታ ክሪክ ተንሸራቶበት ክንዱ ተሰበረና፣ ከሐዲዱ ወዲህ ያለችውን ጎማ ቤት ሚስቱ አቻምየለሽ ያዘችው። ከፈትል ፋብሪካ ከወጣች ወዲህ ካላማዳሪ ስትለጥፍለት ስለኖረች ሥራው አልቸገራትም፤ የቸገራት ሰው ነው። ሾፌሮች ብቅ ይሉና "ጎሚስታው የለም?" ይላሉ። "እኔ ነኝ" ስትላቸው ሐዲዱን ተሻግረው ማዶ ወዳለው ጎሚስታ ይሄዳሉ። ክንዱ እስኪድን እንዲህ ከቀጠለ ደንበኛ የሚባል አይተርፋቸውም።

"ባሌማ ደጃፍ ላይ በርጩማ ይዞ፣ ለቅሶ የተቀመጠ ይመስል ነበር" እያለች ስታጫውተኝ አሁንም ትስቃለች።

አንድ ጠዋት ቡልቻ የሚባል የደብረ ዘይት ሎንቺና ሾፌር፣ የፊት ጎማው ተንፍሶበት እያነከሰ መጣ። እሱም ወደ ማዶ ሊያልፍ ነበር፤ ግን የዕቃ ባቡር መሻገሪያው ላይ ተገትሮ ፉርጎ ይቀጥላል። ተሳፋሪው ማጉረምረም ሲጀምር ቡልቻ አቻምየለሽ ደጃፍ ወረደ።

"እህቴ፣ ይኼን ጎማ ሦስት ጎሚስታ ለጥፎታል። ተመልሶ ይተነፍሳል።"

"እንግዲያው ምን ታጣለህ? ካቃተኝ አራተኛ እሆናለሁ። በል ክሪኩን አቀብለኝ።"

ካላማዳሪውን ከጎማው ሆድ አውጥታ ውሃ ውስጥ ነከረችው፤ አረፋ የወጣበትን ቦታ ለጠፈች። ቡልቻ በቃ ብሎ መልሶ ሊከት ሲል እጁን መታ አደረገችውና ከመቀነቷ ሥር ጭብጥ ጥጥ አወጣች።

"ቁስሉን ልትጠርጊለት ነው?" አለ ቡልቻ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ።

እሷ ጥጡን በጎማው ሆድ ውስጥ ቀስ እያደረገች አዞረችው። ዓይን የሚያልፈውን ሹል ነገር ጥጥ እንደሚይዘው ፋብሪካ ሳለች አይታለች። አንድ ቦታ ላይ ጥጡ ተያዘ። እዚያው ላይ በፒንሳ ስትስብ ፀጉር የምታክል ሽቦ ወጣች። ጎማው ውስጥ ተሸሽጋ፣ የተለጠፈውን ካላማዳሪ መልሳ መላልሳ ስትወጋ የከረመችው እሷ ነበረች።

አቻምየለሽ ሽቦዋን በቡልቻ መዳፍ ላይ አኖረችለት። ባቡሩ ይኼኔ መሻገሪያውን ለቋል። ቡልቻ ግን ወደ ማዶ አላየም።

"ስኮርታዬንም እዪልኝ" አላት ትርፍ ጎማውን እያወረደ።

ወሬው ከሎንቺና ሎንቺና ዞረ። "ባለጥጧ የታለች?" የሚል ሾፌር በዛ።

ገብረጻድቅ ክንዱ ድኖ ቱታውን በለበሰ ዕለት፣ የመጀመሪያው ሾፌር ከላይ እስከታች አየውና፣ "ጎሚስታዋ የለችም?" አለው።

"አለች" አለ ገብረጻድቅ በርጩማውን እየጠቆመ፤ "ተቀመጥ፣ ተራህን ጠብቅ።"