ጨው የገባበት ሻይ

ያን ቀን በባራሙላ ከተማ በረዶው ከጠዋት ጀምሮ ሳያባራ ይወርድ ነበር። አማቴ ልባቸው ደክሞ፣ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ እንደገና ሆስፒታል ገብተዋል። ከእንግዲህ የሚተርፉ አልመሰለኝም።

ነርሷ ከነጩ ልብሷ ላይ ፌራን የሚባለውን ረጅም የሱፍ ካባ ደርባለች። በሽተኛ ከመንካቷ በፊት እጇን ብብቷ ሥር ታሞቃለች። የአማቴን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቷ ስትጫነው ጎድጉዶ ቀረ።

«ጨው ትተዋል፣ እማማ?»

«ድሮ ተውኩ! ይቺ ምራቴ ውሃ ውሃ የሚል ወጥ ነው የምታበላኝ።»

«ሻዩስ?»

አማቴ ሳቁ። «ሻይ ደግሞ ምግብ ነው እንዴ፣ ልጄ? ያለ ጨውማ ማን ይጠጣዋል?»

«ስንት ሲኒ ይጠጣሉ?»

«ሳሞቫሩ፣ ማፍያው ባዶ እስኪሆን።»

ነርሷ አልሳቀችም። «አባቴም እንዲሁ ይሉ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ነገ ሻዩን እንዴት ታፈያለሽ?»

«ያለ ጨው።»

«እንግዳ ሲመጣስ?»

እስክመልስ ቆማ ጠበቀችኝ።

«የእሳቸውን ለብቻ ቀድቼ፣ ጨዉን ለእንግዳው ከዚያ በኋላ እጨምራለሁ።»

«ጎበዝ» አለችኝ።

ከቀናት በኋላ አማቴ እብጠታቸው ጎድሎ በእግራቸው ቤት ገቡ፤ ጨው የሌለውን ሻይ እየተራገሙ ይጠጡታል። ነርሷ አሁን ሶፖር ከተማ ባለው ሆስፒታል፣ የልብ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ትሠራለች።