ከእንሰቱ ሥር የበቀለው ጥቁር እንጨት

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው፣ አለቃዬ ከዶርዜ በላይ ባለ አንድ ተዳፋት ላይ ባሕር ዛፍ ሊያስተክል ወሰነ። ከሰሜን የመጣ፣ በዕድሜ ታናሼ የሆነ፣ ደግ ግን ችኩል ሰው ነበር። ተዳፋቱ ገላጣ ነው። ከላዩ የቆየ ደን፣ ከታቹም የቆየ ደን አለ፤ ድሮ አንድ ነበሩ፣ እርሻ ለያያቸው። ጉሬዛዎች ከላይኛው ደን ዳር ድረስ ይመጡና ታችኛውን እያዩ ይቀመጣሉ። ውሻ ስለሚያባርራቸው አይሻገሩም። እኔ በመሃሉ መሬት ላይ የደኑ የራሱ ዛፍ፣ ጥቁር እንጨት፣ እንዲተከል ፈለግሁ።

"ችግኙስ የታለ?" አለኝ ታች ከተማው ውስጥ፣ ሴቻ ሰፈር ባለው ቢሮው። "ባሕር ዛፉ ችግኝ ጣቢያ ሞልቶልሻል። ያንቺ ዛፍ ያለው መጽሐፍሽ ላይ ነው። መጽሐፍ ደግሞ አይተከልም፣ ወይዘሮ መጽሐፍ!"

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። የማታ ትምህርቴን ጨርሼ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ስሆን ሠላሳን አልፌ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ቃል መዝለል አይሆንለትም፤ እኔም ምሳ ሰዓቴን በዛፎች መጽሐፍ ላይ ነበር የማሳልፈው። ይህን ሁሉም ያውቁብኛል።

"ክረምቱ ሳይገባ ችግኝ ካሳየሽኝ መሬቱ ያንቺ ነው" አለኝ። "ካላሳየሽኝ ባሕር ዛፍ።"

ዘር ልለምን ወደ ላይኛው ደን ወጣሁ። የደኑ ጠባቂ ሽማግሌ ግን ገና ስጀምር ገባቸው።

"አንቺ የዚሁ አገር ልጅ አይደለሽም እንዴ?" አሉኝ በጋሞኛ። "ከዚህ ደን ቅጠል አይወጣም። ደረቅ ጭራሮ እንኳ ለእሳት አይለቀምም።"

"ፍሬ ብቻ ነው አባቴ። መሬት የወደቀውን።"

"የወደቀውም የደኑ ነው።"

አልተከራከርኩም። ደኑ እስከዚያን ቀን የቆመው በዚሁ እምቢታ ነው። ዛሬ ለኔ እሺ ቢሉ፣ ነገ መጥረቢያ ይዞ ለሚመጣው ምን ሊሉት ነው?

ምራታቸው ከጓሮ ጠራችኝ። "ነይ፣ ቆጮ በዳጣ ቅመሺ። የሳቸው እምቢታ በባዶ ሆድ አይዋጥም።"

እንሰቷን እየኮተኮተች ነበር። እስክትጨርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የነቀለችውን አረም ወደ ኋላ ስትወረውር አንዱ ቀሚሴ ላይ አረፈ። አነሳሁት። ቅጠሉ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ አገዳው ቀላ ይላል። ጨምቄ አሸተትኩት፤ የኮክ ፍሬ ተሰብሮ ውስጡ የሚሸተው ያ መራራ ሽታ፣ የጥቁር እንጨት ሽታ!

"ቁሚ! እንዳትነቅዪ!" ብዬ ጮህኩ።

ዘላ ከእንሰቱ ወጣች። "እባብ ነው?"

"የምትነቅዪው ምንድን ነው?"

"አረም ነዋ! የወፍ አረም። በየዓመቱ እነቅለዋለሁ፣ በየዓመቱ ይመጣል።" በደጇ ያለውን ዋንዛ አሳየችኝ። ሲበሩ ክንፋቸው ቀይ የሆነ አረንጓዴ ወፎች የደኑን ፍሬ ሲበሉ ውለው እሱ ላይ ያድራሉ። ጠዋት ጠዋት ኩሳቸውን እያማረረች ትጠርግና ከከብቱ ፍግ ጋር እንሰት ሥር ትደፋዋለች።

ፍግ፣ እርጥበት፣ ጥላ! መጽሐፌ ላይ ይህ የለም። በጉልበቴ እየዳህኩ የእንሰቱ ቅጠሎች ሥር ገባሁ። ጣት የሚያህል ችግኝ፣ ስንዝር የሚያህል፣ እስከ ጉልበቴ የደረሰ፤ ወዴት እንደምዞር ጠፋኝ።

እሷ "ውሰጂው፣ ገላገልሽኝ" ብትለኝም ሽማግሌው ሳያዩት እንደማልነካ ነገርኳት። መጡ። ጎንበስ ብለው አዩት።

"የደኑ ነው" አሉ።

ምራታቸው ግን ወገቧን ያዘች። "እንግዲያው ወፎቹን ይክሰሷቸዋ! እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስጠርግ 'የደኑ ነው' ብሎ መጥረጊያ ያቀበለኝ ማን ነው?"

ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "የት ልትተክዪው ነው?"

"በሁለቱ ደኖች መሃል። እንዲገናኙ።"

ተዳፋቱን ብዙ አዩት። "እንዲያ ከሆነ ከደን እየወጣ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "ወደ ደን እየሄደ ነው። እስኪተከል ግን ከዚህ አይነቃነቅ።"

አለቃዬን ክረምቱ ሊገባ ሲል እዚያው ድረስ አስመጣሁት። ሱሪውን ሰብስቦ እንሰቱ ሥር ሲገባ ምራቲቱ ከኋላው ትስቃለች። ቅጠል ጨምቄ አፍንጫው ሥር ያዝኩለት። አሽትቶ ዙሪያውን ቃኘ።

"ይኼ ሁሉ?" አለ። "በይ እሺ፣ ጉድጓዱን ነገ ላስቆፍር።"

"ነገ አይሆንም። ጥላ የለመደ ነው፣ ገላጣ ላይ ይሞታል። መጀመሪያ ብሳና ተተክሎ ጥላ መያዝ አለበት።"

"መሬቱን ሰጠሁሽ፤ አሁን ደግሞ ልታዢኝ ነው?"

"አዎ" አልኩት።

እዚያው ፍጉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። "እንግዲያ ንገሪኝ።"

እኔም ነገርኩት፤ እንዲህ ያለ ብዙ ወሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር።