የሾፌር «የኔ ነው»

«የወንድምሽ ችግር ዓቃቤ ሕጉ አይደለም። ከዓቃቤ ሕጉ እኔ እከላከልለታለሁ። ካንቺ ምላስ ግን ማን ይከላከልለት?» አሉኝ ጠበቃው፣ ፊት ለፊቴ ቆመው።

ከችሎት አስወጥተውኝ የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። ፖሊሱ ጨምድዶ የያዘው ክንዴ ገና ይጠዘጥዘኛል። ጠበቃው ፍርድ ቤቱ የመደበልን ናቸው፤ እኛ ጠበቃ የምንቀጥርበት አቅም የለንም። ሽማግሌ ናቸው፤ የኮታቸው ክርን ተጥፏል፤ ሲናደዱ ሳል ይቀድማቸዋል።

«ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«ሦስት ወር አፍኜ የያዝኩትን ነገር በሁለት ቃል ዘረገፍሽው!»

«በሦስት» አልኩ። አፌ እንዲህ ነው።

ያልኩት «ቡና መስሎት ነው!» ነበር። የኬላው ፖሊስ መስክሮ ሲጨርስ ከተመልካች ወንበር ብድግ ብዬ ጮህኩ። ዳኞቹ ቀና አሉ። ዓቃቤ ሕጉ ግን አልጮኸም፣ አልተቆጣም፤ እስክሪብቶውን አውጥቶ ጻፈ። የጻፈው ነው ጣጣ ያመጣብን።

ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። የአንድ የመንግሥት ድርጅት መኪና ይዞ ከአዲስ አበባ ሲዳሞ፣ ከሲዳሞ አዲስ አበባ ሲመላለስ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ያን ጊዜ ቡናን ያለ ፈቃድ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ማሻገር ክልክል ነው። ኬላ ላይ የተገኘ ቡና ይወረሳል፤ ባለቤቱም የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ተብሎ ይታሰራል። ሾፌር ለቤቱ ጥቂት ኪሎ ቢይዝ ግን ፖሊሶቹ አይተው እንዳላዩ ያልፉታል፤ በየቀኑ የሚያዩትን ሰው ምን ያድርጉት? ከዚህ የተነሳ ሾፌሮቹ ልማድ አወጡ። አንዲት ምስኪን ሴት ትንሽ ቡና ይዛ ጋቢና ውስጥ ከተቀመጠች፣ ፖሊሱ «ይሄ የማን ነው?» ሲል ሾፌሩ «የኔ ነው» ይላል። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። መኪናው ያልፋል። ልማዱን ሾፌሩም ፖሊሱም ያውቁታል፤ ማንም ግን በአፉ አያወጣውም። እኔ እስካወጣሁት ድረስ ማለቴ ነው።

ያን ቀን ነጠላ የተከናነበች ሴት ከነከረጢቷ መንገድ ላይ አስቆመችው። ከረጢቱን ሲያነሳላት አፉን ከፈት አድርጎ በእጁ ዳሰሰው፤ ጀንፈል ነው፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና። ኬላው ሲቀርብ «እዚህ ልውረድና በእግሬ ልለፍ፤ ከወዲያ በኩል ታገኘኛለህ» አለችው። ይህም የተለመደ ነው፤ ቡና የያዘ ሰው ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። ፖሊሱ ከረጢቱን በጫማው ነካ አድርጎ «የማን ነው?» አለ። ወንድሜ እንደ ልማዱ «የኔ ነው» አለ። ሲዘረገፍ ከላይ አንድ ጣሳ የሚሆን ጀንፈል፣ ከሥሩ እስከ ታች ደረቅ ቅጠል። ሐሺሽ። ሴትዮዋ ከኬላው ወዲህም ወዲያም አልተገኘችም።

ክሱ «ከሲዳሞ ክፍለ ሀገር ወደ ሸዋ ክፍለ ሀገር ሐሺሽ ሲያዘዋውር እጅ ከፍንጅ የተያዘ» ይላል። ከሥሩ ወንድሜ የፈረመበት ቃል አለ፤ «የኔ ነው»። ስለ ጀንፈሉ መዝገቡ ላይ አንድም ነገር የለም። የት እንደ ገባ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ተቆልቶ ተጠጥቷል።

ጠበቃው ያሰቡት ቡናውን ጨርሶ ሳያነሱ፣ ሾፌር በተሳፋሪ ዕቃ ውስጥ ያለውን የማወቅ ግዴታ የለበትም ብለው ሊከራከሩ ነበር። «ቡና መስሎት ነው» ማለት ግን ከፍቶ አይቷል ማለት ነው፤ እኔ ያንን አበላሸሁባቸው።

«እንግዲህ አንዴ ቡና ብለሻል፣ ቡናውን ማስረዳት ነው» አሉ ሳላቸው ሲበርድ። «ለሰው ቡና ‹የኔ ነው› እያለ ያሳልፍ እንደነበር ቆሞ የሚመሰክር ሰው አምጪ። አንቺ አትሆኚም፤ እህቱ ነሽ። ከሾፌሮቹ አንዱ አይገኝም?»

«የትኛው ሾፌር ነው እኔም እንደሱ አደርጋለሁ ብሎ በገዛ እጁ የሚታሰረው?»

«እንግዲያው ቡናው የተሻገረላት ሰው።»

አንዲት ሴት አውቅ ነበር።

ከኛ ቤት ሽቅብ፣ ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም በላይ ዳገቱ ላይ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አራት ልጆች ይዛ ትኖራለች። ባሏ ሞቷል። ቡና በስኒ እየሰፈረች ነው የምትሸጠው። ጴንጤ ናት፤ ያን ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየሰዉ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ስለነበር፣ የቀበሌው ዓይን ከደጇ ተነስቶ አያውቅም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ስጠብቅ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። መጽሐፍ ቅዱሷን ራሷ ለማንበብ ከመቸኮሏ የተነሳ ፊደሉን በአራት ወር ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፣ «የኔታ» እያለች ነው የምታሾፍብኝ። ወንድሜ ሁለት ጊዜ በመኪናው ወስዶ ቡና አስገዝቷት፣ ኬላውን «የኔ ነው» ብሎ አሳልፎላታል።

ጠበቃው ያወጡልኝን የምስክር መጥሪያ ሰጠኋት። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች አነበበች። «የ… መ-ከ-ላ-ከ-ያ… ም-ስ-ክ-ር።» አጠፈችና መለሰችልኝ።

«የኔታ፣ ባታስተምሪኝ ኖሮ ይሄኔ ማንበብ አልችልም ብዬ እገላገል ነበር።»

«እትዬ፣ ወንድሜ ነው።»

«አውቃለሁ። አንድ ቀን ሳልጸልይለት አድሬ አላውቅም።»

«ጸሎቱን ለናቴ ተዪላት፤ እሷ መድኃኔ ዓለምን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታዋለች። ካንቺ የምፈልገው ምስክርነት ነው።»

«ከመጣሁ እውነቱን ነው የምናገረው። አልዋሽም፤ ታውቂኛለሽ።»

«እኔስ ዋሺልኝ አልኩሽ?»

«እውነቱ እኮ እኔንም ያስገባኛል» አለች። «እነዚህን ለማን ልተዋቸው? ለቀበሌው?» ልጆቿ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ያዩኛል። ትንሿ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

መተው ነበረብኝ። አልተውኩም።

«አልዋሽም ትያለሽ። ኬላ ላይ ‹የኔ ነው› ሲልልሽ አንቺ ምን ትዪ ነበር?»

«ዝም እል ነበር።»

«አየሽ? አልዋሸሽም፤ ውሸትሽን እሱን ነበር የምታሸክሚው። ይኸው ዛሬ እስሩንም ተሸከመልሽ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ያሳሰረውን ከረጢት እሷ አልሰጠችውም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። መስፈሪያ ስኒዋን አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ቀኑ መቼ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ተጽፎልሻል፣ አንብቢዋ» አልኳት፣ መጥሪያውን መልሼ እያስያዝኳት። ይህንን እንኳ ባልላት ምን ነበረበት።

እሑድ ስንቅ ይዤ ወህኒ ቤት ሄድኩ። የተሳፈርኩበት ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች የሰፈሬ ሰዎች ኖረዋል፤ አንዷ ሌላዋን በክርኗ ጎሸም አድርጋ «የሐሺሹ እህት» አለቻት፣ እንዳልሰማ ቀስ ብላ። እንድሰማም ጭምር። «አዎ ነኝ፣ ትንሽ ልስጥሽ?» አልኳት። እስክወርድ ድረስ መኪናው ውስጥ ወሬ ጠፋ።

በሩ ላይ ዘበኛው እንጀራውን ዘርግቶ፣ ወጡን በማንኪያ አማስሎ «ቅመሺ» አለኝ። ቀመስኩ። ወንድሜ ከሽቦው ወዲያ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ይህን ስጽፍም ገና አልተፈታም። ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል።

«እንዴት ነሽ ምላሳሟ? ከችሎት አባረሩሽ አይደል?»

«ጋሼ፣ ምስክር አገኘሁልህ።»

«ማንን?»

ነገርኩት። ፈገግታው ጠፋ።

«መልሻት።»

«ምን?»

«መልሻት አልኩሽ። አራት ልጅ አላት።»

«አንተስ እናት የለህም? ሰንበቴ ማኅበሯ ምን እንዳደረጋት ታውቃለህ? ተራዋን ዘለሏት። ድግሱን አዘጋጅታ፣ ድፍድፉን ጥላ፣ ‹ለዚህ ወር ይቅርብሽ› ብለው ላኩባት። ሐሺሽ ነው እኮ የተባልከው! ነፍስ ብታጠፋ ይሻል ነበር።»

ሽቦውን በጣቶቹ ያዘው። «ስሚ። ሾፌር ነኝ። ለሰው አንዴ ‹የኔ ነው› ካልኩ፣ ሲከፋኝ ተመልሼ ‹የሷ ነው› አልልም። እንዲህ የሚያደርግ ሾፌር መንገድ ላይ ውሃ የሚሰጠው አያገኝም።»

«መንገድ ላይ አይደለህም። እስር ቤት ነህ።»

«ለዚህ ነው መልሻት የምልሽ። እኔ ገብቻለሁ፤ እሷ ገና አልገባችም።»

ፊሽካ ተነፋ፤ ሰዓት አልቋል። ወደ ውስጥ እየሄደ ዞሮ «ሰማሽኝ?» አለ። ሰምቼዋለሁ አልኩት። መስማቱን ሰምቼዋለሁ፤ ሴትዮዋን ግን አልመለስኳትም፤ የተናገረውንም ለጠበቃው አልነገርኳቸውም። ከሷ አራት ልጆች የኔ አንድ ወንድም በለጠብኝ። ይኸው ነው።

የቀጠሮው ቀን ባለቡናዋ ከኔ ቀድማ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘኋት። ፀጉሯን ተሠርታለች። ልጆቿን ለጎረቤት ሰጥታ፣ የሦስት ቀን ዱቄት አስቀምጣ እንደ መጣች ነገረችኝ። ለሦስት ቀን ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ገብታ ቆመች፤ እውነቱን እንድትናገር አስማሏት። ጠበቃው ጠየቋት፤ እሷም ሳትንተባተብ ተናገረች። ሁለት ጊዜ ቡናዋን ይዛ በተከሳሹ መኪና ተሳፍራለች። ሁለቱንም ጊዜ ኬላ ላይ ቡናውን «የኔ ነው» ብሎ አሳልፎላታል። ቡናው ግን የሱ አልነበረም፤ የሷ ነው። ስትጨርስ መሐል ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ትኩር ብሎ አያት። ያመናት መሰለኝ።

ዓቃቤ ሕጉ ተነሳ። «ቡናውን የምታሻግሪበት ፈቃድ ነበረሽ?»

«የለኝም።»

«ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ?»

አፏን ልትከፍት ስትል ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ እጅ ተነሳ።

«ምንድን ነው?» አለ መሐል ዳኛው።

ወንድሜ ቆመ። ወደ ሴትዮዋም ወደኔም አላየም። «ጌታዬ፣ እችን ሴትዮ አላውቃትም። በመኪናዬ ተሳፍራ አታውቅም።»

ጠበቃው ማሳል ጀመሩ። ሴትዮዋ «ኧረ አንተ!» አለች፣ ጥፊ እንደ ቀመሰ ሰው። «እንዴት አላውቃትም ትላለህ?»

«አላውቃትም» አለ እንደገና፣ አሁን ጠንከር አድርጎ።

መሐል ዳኛው ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። «አላውቅሽም ለሚልሽ ሰው ነው የምትመሰክሪለት? ማን ነው ያስተማረሽ?»

ፍርድ ቤት ውስጥ ምስክርን ማስተማር ማለት የሐሰት ቃል ማስጠናት ነው። ይህን እሷ ከየት ታውቀዋለች? ጥያቄው ቀሎላት ዞር ብላ በጣቷ አሳየችኝ።

«እሷ ናት» አለች። «ከሀ እስከ ፐ።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይቀር ሳቀ። ወንድሜ ብቻ ዓይኑን ጨፈነ።

ዳኛው ጠረጴዛውን መታ። «ሂጂ ወደ ልጆችሽ! ሰው ባስጠናሽ ቁጥር እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አትግቢ።»

«እውነቴን ነው ጌታዬ፣ ሁለት ጊዜ…»

«ውጪ ተብለሻል!»

ፖሊሱ ይዟት ወጣ። በር ላይ ስትደርስ እንኳ «ሁለት ጊዜ» ትል ነበር።

ሦስቱ ዳኞች አንገታቸውን አገጣጥመው ተንሾካሾኩ፤ ብዙም አልቆዩም። መሐለኛው አነበበ፤ መከላከያው አልተረጋገጠም፣ ተከሳሹ በተከሰሰበት ጥፋተኛ ነው። ቅጣቱ ከዕረፍት በኋላ ይነበባል። ዓቃቤ ሕጉ ገና ሳይቀመጥ ምስክር ያስጠናችው ተመልካች ማንነት ይመዝገብልኝ ብሎ አመለከተ። መዝጋቢው ወረቀት መፈለግ ጀመረ።

ጠበቃው በወንበሮቹ መሐል ተሹለክልከው አጠገቤ ደረሱ።

«ተነሺ፣ ውጪ። ስምሽን ሳይጠይቁሽ።»

«ቅጣቱን ልስማ።»

«እኔ ሰምቼ እነግርሻለሁ። እናትሽ በአንድ ቀን ሁለት ልጅ ትጣ ወይ?»

ወንድሜን አየሁት። ዓይኑን ገልጦ በአገጩ ወደ በሩ ያመለክተኛል። ለወንድሜ የያዝኩትን የስንቅ ሳህን ለጠበቃው ሰጠኋቸው። በጎን በር በኩል ወጣሁ።