ጥጆቹ በምሕላው ቀን

በዚያ ሰኔ ዝናቡ ቀረ። አባቴ ከድብ ባሕር ወዲያ ካለው ቀያችን ደውሎ፣ «ምሕላ ተይዟል፤ ነይ» አለኝ። ጎንደር ከምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ፈቃድ ጠይቄ በጠዋቱ ማኪና ተሳፈርሁ።

ጩኸቱ ገና ከአስፋልቱ ይሰማል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ላሞቹ በአንድ ወገን፣ ጥጆቹ በሌላ ወገን ታስረዋል። እንደ ነነዌ ሰዎች፣ ሰውም ከብቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም። የእናትና የልጁ ጩኸት አብሮ ወደ ላይ ይውጣ ተብሎ ነው።

ከጥጆቹ መካከል የእኛዋ ከተወለደች ገና ስምንት ቀኗ ነው። ቆዳዋን ቆንጥጬ ብለቀው ቶሎ አልመለስ አለ። አፏ ደርቋል፤ ሰውነቷ ውሃ አጥሮታል።

«አባቴ፣ ይቺ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቆይም።»

«ምነው? እኔም አልቀመስሁ።»

«አንቱ ወደው ነው የጾሙ። እሷን ማን ጠየቃት?»

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። «ከብቱ ከሰው ቀድሞ ነው የተፈጠረ። ምስጋናውንም ቀድሞን ነው የጀመረ። እኛ ኋላ የመጣን ነን። የእኛን ባይሰማ የእነሱን ይሰማል።»

ወደ አጥሩ ውስጥ ገባሁ። ከሴቶቹ ጋር ቆሜ «እግዚኦ» ማለት ጀመርሁ፤ ግን መንበርከክም መቆምም አልሆነልኝ። ጆሮዬ ከአጥሩ ውጭ ነው። ከጥጆቹ ድምፅ የእኛዋን ለይቼ እከተላለሁ። ትጮኻለች፣ ታርፋለች፣ ደግማ ትጮኻለች። አንድ ጊዜ ጠበቅኋት፤ አልጮኸችም።

ወጥቼ ሮጥሁ። ተኝታለች። ገመዷን ፈትቼ፣ ታቅፌ ወደ እናቷ ወሰድኋት። ሰው ዘወር ዘወር ብሎ አየኝ። አንዲት ባልቴት «ምሕላውን አፈረሰችው» ሲሉ ሰማሁ። ጡቱን አፏ ውስጥ ባደርግላትም መሳብ አቃታት። ላሚቱ ደግሞ አልቆም አለች።

በዚህ መሐል አባቴ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን የላሚቱን ቀንድ ይዞ አቆማት። ከንፈሩ ጸሎቱን አላቋረጠም። ጥጃዋ ቀስ እያለች መጥባት ጀመረች።

«ዝም ስትል እኔም ሰምቻለሁ» አለኝ በኋላ። «እግሬ ነው እንቢ ያለኝ።»

በዚያ ቀን አልዘነበም፤ በማግስቱም አልዘነበም። ከተማ ተመልሼ እንቅልፍም ሥራም እንቢ አለኝ። ባይዘንብ በእኔ ነው የሚሉ ይመስለኝ ነበር፤ እኔም ሳልለው አልቀረሁም። በአምስተኛው ቀን አባቴ ደወለ።

«ዘነበ» አለ።

«ጥጃዋስ?»

«ሸጋ ናት፤ ትዘላለች።»

ስለ ባልቴቲቱ ቃል ልጠይቀው አስቤ ተውሁት። የጥጃዋን ጸሎት ያቋረጥሁባት ይሁን ወይስ ጸሎቷ የተሰማላት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።