ክርኑ ላይ የተጣፈው አዲስ ኮት

ሰፈሩ «ድጋሚ» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው። ደንበኛ ወገቡን ለክቶ ቢመጣም አያምነውም፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ራሱ ይለካል፣ ጽፎ ሲጨርስም «እስቲ ድጋሚ» ይላል። ሰው ስለ ወገቡ እውነቱን አይናገርም ባይ ነው። ሱቁ በከተማዋ ታችኛው ጫፍ፣ መንገዱ ወደ ወንዙ ከሚያዘቀዝቅበት ቦታ ላይ ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ መሃል፣ ካውያው በሩ አጠገብ ነው። የጨርቅ ጥቅሎቹ መሬት አይነኩም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃ በበሩ ሥር ስለሚገባ ሁሉንም ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አውጥቷቸዋል።

ውሃውን ወደ ወንዙ የሚመልሰው ቦይ ግማሹ ተቆፍሯል። ያስጀመረችው የድጋሚ ታላቅ እህት ናት። የከተማው ምክር ቤት አባል ናት፤ ስብሰባ ላይ ብዙ አትናገርም፣ ከስብሰባ በኋላ ግን መሐንዲሱን ቢሮው ድረስ ተከትላ ትገባለች። ዘንድሮ ወንበሯን የሚፈልግ ሰው ተነሣባት። ሰውየው የሴራሚክ ነጋዴ ነበር። ፓርቲ የለውም፣ የምክር ቤቱን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፣ ስለ ቦዩ ሲጠየቅ «እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም» ብሎ ይስቃል። ቴሌቪዥኑ «እንግዳው» አለው፤ በዚያው ቀረ። እሱ ካሸነፈ የቦዩ ሌላው ግማሽ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም።

እንግዳው አንድ ጠዋት ብቻውን ወደ ድጋሚ ሱቅ መጣ። ኮት ይዟል። ድጋሚ ኮቱን ገልብጦ አየው። ከኋላ ያለውን ስንጥቅ የያዘው የፋብሪካ ክር እንኳ አልተፈታም፤ ኪሶቹም እንደተሰፉ ናቸው። አንድ ቀን አልተለበሰም።

«ክርኑ ላይ ይጣፉልኝ» አለ ሰውየው።

«ምኑ ተቀደደና?»

«አልተቀደደም። ይጣፉልኝ ብቻ። ክሩ ደግሞ ከጨርቁ ቀለም ይለይ፤ ከሩቅ ይታይ።»

ድጋሚ ቀዳዳ ደብቅልኝ የሚል እንጂ ቀዳዳ የሌለውን ጣፍልኝ የሚል ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ሰውየው ጠረጴዛ ላይ መደገፍ ልማዴ ነው አለ። ለማንም አይንገሩ አላለም። ድጋሚን ከኮቱ ይልቅ የከነከነው ይኸው ነው። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው። ቡናማ እራፊ ቆረጠ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፈ፣ ዙሪያውን በነጭ ክር ሰፋለት።

በዚያው ሳምንት እህቱም ኮቷን ይዛ መጣች። የእሷ የእውነት ያረጀ ነው፤ የቀኝ ክርኑ ሳስቶ ተበስቷል። ለቴሌቪዥኑ ክርክር ልትለብሰው ስለሆነ እንዳይታይ አድርግልኝ አለችው። ድጋሚ ከኮቱ የውስጥ ጠርዝ ክር እየመዘዘ ቀዳዳውን በመርፌ ሸመነው። ሲጨርስ በጣቱ ቢዳስሰው ራሱም ቦታውን አጣው።

ክርክሩን ከሚስቱ ጋር እቤቱ ተቀምጦ አየ። እህቱ ስለ ቦዩ ጥልቀትና ስለ ቧንቧው ስፋት አስረዳች። ካሜራው ግን እሷ እየተናገረች እንኳ ወደ እንግዳው ሄድ እያለ ይመለሳል። እንግዳው ክርኑን ወደ ካሜራው አዙሮ ተደገፈና አገጩን መዳፉ ላይ ጣል አደረገ። ካሜራው ተጠጋው። በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ሰልፍም ታክሲ ውስጥም ወሬው ሁሉ ክርን ሆነ። እንደኛው የተጣፈ የሚለብስ ሰው ተገኘ ተባለ። ባለ ሴራሚኩ!

ድጋሚ ለእህቱ ደወለ። ኮቱ አዲስ መሆኑን፣ የጣፈውም እሱ ራሱ መሆኑን ነገራት። እህቱ ሳቀች።

«ተወው» አለች። «እኔ ስለ ኮት ባወራሁ ቁጥር ስለ ቦይ አላወራም።»

«እትዬ፣ ሰው እኮ እየተታለለ ነው።»

«ተወው አልኩህ።»

መተው አልሆነለትም። ሰው የውሸቱን ስፌት ካየ ይፈርዳል ብሎ ለቴሌቪዥን ጣቢያው ደወለ።

ጋዜጠኛዋ ወዲያው መጣች። ቀልጣፋ፣ ሳቂታ ሴት ናት። እጁን፣ መርፌውን፣ የተረፈውን ቡናማ ቁራጭ አስቀረጸች። ድጋሚ ስለ ቦዩም ተናገረ፤ ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር አሳያት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ዜናው ሲወጣ ቦዩ የለም። ግድግዳው አለ፤ እሱም ለድጋሚ ጀርባ ማሳመሪያ ብቻ።

ዜናው ጠዋት ተደገመ፣ ምሳ ሰዓት ተደገመ፣ እንግዳውም ስቱዲዮ ተጠራ። ድጋሚ ሰውየው ያፍራል ወይም ይክዳል ብሎ ሲጠብቅ ያንኑ ኮት ለብሶ ቁጭ አለ።

«አዎ፣ አዲስ ነው» አለ እንግዳው። «ለአንድ ልብስ ሰፊ ሥራ ሰጠሁ። የተወዳዳሪዬ ወንድም ናቸው አሉ፤ እኔ ምን ላውቅ? እህታቸውስ ምን አድርገውላቸው ያውቃሉ?»

አቅራቢው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ ጠፋ። ግማሹ አታላይ ነው ሲል ግማሹ ጨዋታ አዋቂ ነው ይላል፤ የሚያወሩት ግን ሁሉም ስለ እሱ ነው። ድጋሚ ሱቅ «የእንግዳውን ዓይነት» እንዲጣፍላቸው ደህና ልብስ ይዘው የሚመጡ በዙ። እህቱንም ጣቢያው ጠራት። የቦዩን ንድፍ ጠቅልላ ይዛ ሄደች፤ የጠየቋት ስለ ኮቱና ስለ ወንድሟ ነው። ጥቅሉን ሳልፈታ ተመለስኩ አለችው በስልክ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ይህ ግን እሱን ከቁጣ የበለጠ አሳመመው።

ድጋሚ ነገሩን ገልብጦ ያየው ጀመር። እንግዳው የሚኖረው ላይኛው ሰፈር ነው፤ እዚያ ልብስ ሰፊ ሞልቷል። ያን ሁሉ አልፎ፣ ጭቃውን ረግጦ፣ ከሁሉ ሱቅ መርጦ የተፎካካሪው ወንድም ዘንድ ለምን መጣ? ለምንስ ዝም በል አላለውም? ለሚስቱ ቢነግራት፣ አንተ ደግሞ መርፌህንም ትጠረጥራለህ አለችው። ማስረጃ የለውም። ለጋዜጠኛዋ ደውሎ ሰውየው አስቀድሞ ነግሯችሁ ነበር ወይ ሲላት ማለች፤ ማንም አልነገረኝም አለች። እሺ፣ እንግዲያው ቦዩን ቅረጹ አላት።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አለች። «ቦይ ማንም አያይልኝም። እንግዳውን ሳወጣ ስልኩ አያርፍም፣ አለቃዬም ጨምሪ ይለኛል። ሊሰድቡት ቢደውሉም ያው ነው።»

እሷንም ጠረጠራት። የተናገረችውን ግን መጠርጠር አልቻለም።

እንግዳው በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ከታችኛው ሰፈር እንኳ ብዙ ድምፅ አገኘ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ዱቄቱን በየክረምቱ ውሃ የሚያበላሽበት ሰውዬ፣ እሱን መረጥኩ አለ። ድጋሚ ለምን ቢለው «የማውቀው እሱን ነዋ» ሲል መለሰለት። የድጋሚ እህት የምትኖረው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው።

ከምርጫው በኋላ እህቱ ሱቁ መጥታ ደንበኞች የሚቀመጡበት ዱካ ላይ ተቀመጠች። ድጋሚ የያዘውን ሱሪ ተኩሶ ጨረሰ።

«ሆን ብሎ ነው ወደኔ የመጣው፣ አይደል?» አላት።

«ይሆናል» አለች። «የደወልከው ግን አንተ ነህ። እኔ ተወው ብዬህ ነበር።»

ድጋሚ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለ። ይህን ጊዜ ስልኩ ጠራ፤ ጋዜጠኛዋ ናት። ተሸናፊዋንና ልብስ ሰፊ ወንድሟን ሱቁ ውስጥ አንድ ላይ መቅረጽ ትፈልጋለች። ድጋሚ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ለእህቱ ነገራት፤ ደግሞ ሊያሾፉብሽ ነው፣ አይሆንም ልበላት አለ።

እህቱ አሰብ አደረገች።

«ትምጣ» አለች። «ግን እዚህ አይደለም። ቁፋሮው የቆመበት፣ ጉድጓዱ ዳር ነው የምቆመው። አንተም አጠገቤ ትቆማለህ። ስለ ኮቱ ሲጠይቁህ በእጅህ ጉድጓዱን እያሳየህ መልስ።»

ድጋሚ እህቱን አያት። ይህን ከማን እንደተማረችው ገብቶታል፤ ደስ አላለውም። ቢሆንም የተባለውን ለጋዜጠኛዋ አደረሰ። ከወዲያ ማዶ ጥያቄ መጣ። ድጋሚ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ እህቱ ዞረ።

«ኮት ለብሰሽ ትመጫለሽ ወይ ትላለች።»

«ከበረደ እለብሳለሁ በላት።»